አባቴ ሞተር የፈታበት ሳምንት

በእኛ ቤት መኪና ቆመ ማለት እንግዳ ነገር አልነበረም። አባቴ ከመንገድ ሥራ ሾፌርነቱ በጡረታ ሲወጣ የገዛት አሮጌ ፒክ አፕ፣ ከምትሄድበት ቀን የምትተኛበት ስለሚበልጥ የሰፈሩ ሰው «የአልጋ ቁራኛዋ» ይላት ነበር። ጤና ሲኖራት ከጉደር ሽንኩርት፣ ከባኮ በቆሎ እየጫነች አምቦ ገበያ ታራግፋለች። ሲከፋት ጓሯችን ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር ትቆማለች። አንድ ክረምት ዶሮዎቻችን ጋቢናዋ ውስጥ እንቁላል ሲጥሉ ከርመዋል።

ስለዚህ አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ከጉደር ስትመለስ ዳገቱ ላይ ነጭ ጭስ ተፍታ፣ በሰው እየተገፋች ግቢ ስትገባ ማንም ልብ አላለም። አባቴ ኮፋኖዋን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን መዘዘ። ዘይቱ እርጎ መስሏል። በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተና፣

«ጓርኒሲዮኗን በልታለች» አለ።

ጓርኒሲዮን የሚሉት በሞተሩ አካልና ቴስታታ በሚባለው ክዳኑ መካከል የምትገባ ስስ ልባስ ናት። እሷ ስትቃጠል ውሃው ወደ ዘይቱ፣ እሳቱ ወደ ውሃው ይገባል። ይህን የሚሠራ ደህና ጋራዥ ያለው አዲስ አበባ ነበር። አዲስ ጓርኒሲዮን ደግሞ ያኔ ገንዘብ ስላለ ብቻ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። አባቴ አዝመራው እስኪሰበሰብ ሊያስተኛት አስቦ ኮፋኖውን ከድኖ ወደ ቤት ገባ።

እኔ በዚያ ዓመት ነው ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የተመለስኩት። የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ካቺሲ እንዳስተምር ተመድቤ፣ ሥራ እስክጀምር ጥቂት ቀን ቤት ተቀምጬ ነበር። ታናሽ ወንድሜም ቤት ነበር፤ የእሱ መቀመጥ ግን ሌላ ነው። የማትሪክ ውጤት አልመጣለትም፣ ሥራም የለው። በዚያ ሰሞን እያንዳንዱ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ይህን ያህል ወጣት አምጣ እየተባለ ነበር፤ መጀመሪያ የሚታፈሰውም እንደ እሱ ያለው ነው። መስቀል ካለፈ ወዲህ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ጸጉሩን እንኳ በእናቴ መቀስ የምቆርጥለት እኔ ነበርኩ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ልጅ ሳለ አባቴ በሚነዳው መኪና ላይ እየተንጠላጠለ ያደገ ሰው ስለነበር አባቴን «ጋሼ» ነበር የሚለው። ያን ዕለትም አክብሮቱን አላጎደለም። ግባ ሲባል ግን አልገባም፤ በር ላይ እንደቆመ ተናገረ።

«ጋሼ፣ መኪናዎ ትፈለጋለች። እሑድ ከጉደር ወዲያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ልጆች የምናመጣበት አጥተናል።»

«የምን ልጆች?» አለ አባቴ፣ እያወቀ።

«ዘማቾች ናቸዋ።»

ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

«እሑድ ጠዋት ቀበሌው በር ላይ ከቆመች ረዳት ያስፈልግዎታል። ረዳትዎ ልጅዎ ነው። ረዳት ማለት ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፤ የሚነካው የለም። ካልቆመች ግን...» ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ካልቆመች ሥራ የሌለው ወጣት ነው። እኔ ምን ላድርግ ጋሼ? ከላይ ነው የሚመጣው።»

«ትቆማለች» አለ አባቴ።

ሊቀመንበሩ ከቆመበት ጓሮው አይታይም። ቢታይም ኖሮ የተከደነ ኮፋኖ ምንም አይናገርም።

እናቴ ውስጥ ሆና ምስር ትለቅም ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። ሰውየው ሲሄድ ቀና ሳትል፣ «የሰው ልጅ እኮ ነው የሚጭኑት» አለች።

«የእኔ እንዳይጫን ነው» አለ አባቴ።

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር በቤታችን አልተነሳም። እኔም አላነሳሁትም። እስከ እሑድ ድረስ ስለ ብሎን፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ጓርኒሲዮን ብቻ ነበር የምናወራው። ሰው ስለ ብሎን እያወራ ስንት ነገር ሳያወራ ሊውል እንደሚችል ያኔ ነው ያየሁት።

ማክሰኞ አባቴ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ባኮ ወረደ። እዚያ ከመንገዱ ዳር፣ ከዓመታት በፊት ተገልብጣ የቀረች፣ የእኛዋን የምትመስል መኪና ነበረች። የእሷን ሞተር ፈትቶ ጓርኒሲዮኗን አወጣና በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፏት ተመለሰ። ያገለገለች ናት፤ ጠርዟም ተጣሟል። በሁለት ጣውላ መካከል አስተኝቶ የወፍጮ ድንጋይ ጫነባት። እስከ ቅዳሜ በዚያ ድንጋይ አጠገብ ማንም እንዳያልፍ ከለከለ።

እኛ ደግሞ ሞተሩን ፈታን። ወንድሜ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ እያንጎራጎረ፣ አባቴ ከላይ ሆኖ «ቀስ! ከዳር ወደ መሐል ነው የሚላላው!» እያለ፣ እኔ የወጣውን ብሎን ሁሉ እንደየቦታው ሰፌድ ላይ እየደረደርኩ። እናቴ በሰፌዷ ላይ ጥቁር ዘይት ስታይ አፏን ከፍታ ምንም ሳትል መልሳ ዘጋችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግቢው አይበቃንም ነበር።

ቴስታታውን ሦስት ሆነን አነሳነው። ገልብጠን ስናስቀምጠው፣ ውሃ የሚዘዋወርባቸው ቀዳዳዎች በነጭ ድንጋይ ተደፍነው አየን። ወንድሜ በሚስማር ነካ ሲያደርገው እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ ወደቀ።

«ጥርስ አውጥታለች!» አለና ሳቀ። «እታለም፣ እይ፣ ይህች አሮጊት ጥርስ እያወጣች ነው።»

እኔ አልሳቅሁም። ያንን ነጭ ነገር አውቀዋለሁ፤ ማንቆርቆሪያችን ሥር የሚጋገረው ያው ነው። የቧንቧ ውሃ አንድ ቀን መጥቶ ሰንበትበት ብሎ ነበር የሚመለሰው። የአምቦ ውሃ ግን ከምንጩ ቀንና ሌሊት ይፈልቃል። አባቴ ጠዋት ጠዋት አንድ ጀሪካን እየቀዳ ይመጣና ግማሹን ይጠጣል፣ ግማሹን ራዲያተሩ ውስጥ ይጨምራል። የሆዱን ሕመም ያሻለለት እሱ ውሃ ነው። ከሩቅ አገር ሰው በቃሬዛ ታሞ መጥቶ፣ ታጥቦና ጠጥቶ በእግሩ ሲሄድ እያየን ነው ያደግነው። በእኛ ከተማ ያንን ውሃ መኪና ውስጥ መጨመር ማባከን እንኳ አይባልም፤ እንደ መንከባከብ ነበር የሚቆጠረው።

እኔ ከአባቴ ጋር ብዙ አልነጋገርም ነበር። ክፍል ውስጥም እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ መምህሩ ስሜን ካልጠራ አልመልስም። ያን ዕለት ግን ተናገርኩ።

«አባዬ፣ ይህ ከውሃው ነው።»

«ከየትኛው ውሃ?»

«ከአምቦ ውሃው። ሲሞቅ ውስጡ ያለው ነገር እንደ ኖራ እየተለየ ይጋገራል። ራዲያተሩም ውስጡ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። ውሃው ማለፊያ ካጣ ሞተሩ ይፈላል። ጓርኒሲዮኗን ያቃጠላትም ይኸው ይመስለኛል።»

አባቴ ወገቡን ይዞ ቀና አለ። «ሰው የሚድንበት ውሃ ነው ብረት የሚገድለው?»

«ሰው አይፈላማ» አለ ወንድሜ።

«አንተ ዝም በል። እሜቴ ኬሚስትሪ፣» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መኪና ስነዳ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ከነቀምት እስከ አዲስ አበባ ያልፈላብኝ ዳገት የለም። በየወንዙ የቀዳሁት ውሃ ሁሉ ኖራ ነበረው?»

በየወንዙ የቀዳው ውሃ የአምቦ ውሃ አልነበረም። ይህን ልለው ፈልጌ ነበር፤ ግን ሚስማሩን ከወንድሜ ተቀብሎ ራሱ ድንጋዩን መፈርፈር ስለጀመረ ተውኩት። የሰማኝ መሰለኝ። ደግሞም ሰምቶኛል፤ ቴስታታውን ቀዳዳ በቀዳዳ አጸዳው። የቀረው ራዲያተሩ ነበር።

ቴስታታው ሞቆ ስለነበር ፊቱ ትንሽ ጎብጧል። ማስመሪያዬን አስመጥቶ በጠርዙ አቆመውና በሥሩ ብርሃን ሲያልፍ አሳየኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ማሽን ላይ ይላጋል። እኛ ሸካራ ወረቀት ነበረን፤ ወረቀቱ ግን የሚለጠፍበት ምንም የማይጎብጥ ነገር ያስፈልገዋል። አባቴ ቤት ገብቶ ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ የእኔን የምረቃ ፎቶ አወረደ። መስታወቱን ከፍሬሙ አውጥቶ ፎቶውን አልጋዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

«መስታወት ቀጥ ያለ ነው» አለ። ይቅርታ መጠየቁ ነበር።

ወንድሜ ሸካራ ወረቀቱን በመስታወቱ ላይ አጣብቆ፣ ዓርብን ሙሉ ቴስታታውን ሲፈትግ ዋለ። እኔ ማስመሪያውን ይዤ ብርሃኑ እየጠበበ ሲሄድ አያለሁ። ማታ ላይ ብርሃኑ ጠፋ። ወንድሜ ጥፍሮቹ መሐል አመድ የመሰለ ዱቄት ሞልቶ፣ «አሁን እኔም ተመራቂ ነኝ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ጓርኒሲዮኗን ከድንጋዩ ሥር አወጣ። በር የሚቀባበትን ብርማ ቀለም በሁለት ፊቷ ቀባት፤ እንዲህ ካልተደረገ ያገለገለች ጓርኒሲዮን አትይዝም ይላል። ቀለሙ እስኪደርቅ ስንጠብቅ ለሁለተኛ ጊዜ ተናገርኩ። ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት።

«ራዲያተሩንም እናጽዳው። ሎሚ ጨምቀን ከፍል ውሃ ጋር እንሙላበትና ይደር። ድንጋዩን ያሟሟዋል። ከዚያ ደጋግመን እናጥበዋለን።»

አባቴ መጀመሪያ ሳቀ። «ለመኪና ሰላጣ ልትሠሪላት ነው?»

«አቼቶም ይሆናል» አልኩ። ሳቁ ባሰ። ወንድሜም ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ከዚያ አባቴ ሳቁን ተወና እውነተኛውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«መቼ ያልቃል?»

«ሰኞ ግድም።»

«ሰኞ ወንድምሽ የለም።»



«ደግሞስ፣» አለ፣ «ይህ ራዲያተር የእኔ እኩያ ነው። ሽንቁሩን የደፈነለት ያ የምትይው ድንጋይ ቢሆንስ? ስታሟሚው ቢያፈስስ? አያፈስም ብለሽ ትምያለሽ?»

ሊያፈስ ይችላል። እውነቱን ነው፤ እኔም ሌሊት ይህንኑ አስቤዋለሁ። ተምሬ ያወቅኩትን ብቻ ነው መናገር የምችለው፤ የዚያን ራዲያተር ሆድ ግን አላየሁም።

«መማል አልችልም» አልኩ።

«እንግዲያው ተይው።»

ተውኩት። ዛሬም ሳስበው ከሁለታችን ማን ተሳስቶ እንደነበር አላውቅም። ጊዜ ያለው ሰው ራዲያተር ያጥባል። አባቴ ግን እሑድ ብቻ ነበር ያለው።

ጓርኒሲዮኗን አስተኝቶ ቴስታታውን ጫነ፤ ብሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር በየተራ፣ በየጥቂቱ አጠበቀ። ወንድሜ፣ አሁን ረዳት ነውና፣ በጨለማ ተደብቆ ሳይሆን በቀን፣ በዋናው መንገድ ሄዶ ከሁሉቃ ወንዝ ሁለት ጀሪካን ቀድቶ መጣ። ይህን አባቴ ፈቀደልኝ፤ የአምቦ ውሃ አልጨመረም። ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሳ። ጭሱ ነጭ አልነበረም። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት መሐል ላይ ወጥታ እዚያው ቆመች። እናቴ ከበሩ ላይ እልል አለች። ወንድሜ ጋቢናው ላይ ወጥቶ እንደ አውቶቡስ ረዳት፣ «ጉደር! ጌዶ! ባኮ! የሞላ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ጎረቤት ሁሉ ሰማው። ከመስቀል ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረው ያን ቀን ነበር።

እኔ ቀስቷን ነበር የማየው። መኪናዋ ግን ባዶ ናት፤ ሜዳ ላይ ቆማለች።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሄዱ። የሆነውን የነገረን ጠመንጃ ይዞ አብሯቸው የሄደው የቀበሌው ጥበቃ ነው። ጎረቤታችን ነው፤ እያለቀሰ ነው የነገረን።

ሲሄዱ ምንም አልሆነችም። ከጉደር ወዲያ ልጆቹን ጫኑ። ጥበቃው እንዳለው የሚያለቅስ አልነበረም፤ እንደ ሽንኩርት ጆንያ ተጠጋግተው ዝም ብለው ነበር የተቀመጡት። ጉደርን ተሻግረው ወደ አምቦ የሚመልሰውን ዳገት ሲጀምሩ ቀስቷ መውጣት ያዘች። አባቴ ማርሽ ቀነሰ፣ መስኮት ከፈተ፣ «እንደምንም» አለ። መሐል ዳገት ላይ ራዲያተሩ ፈላና እንፋሎት መንገዱን ሸፈነው። ወንድሜ ወርዶ በጨርቅ ክዳኑን ሲከፍት ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። በዚያች ቅጽበት አንድ ልጅ ከኋላ ዘሎ ወረደ። የመንገዱ ዳር በቆሎ ሰው ያህላል። ጥበቃው ወደ ሰማይ ተኮሰ። ልጁ አልተገኘም።

ሞተሩ ሲበርድ ውሃ ጨምረው አምቦ ደረሱ። ጓርኒሲዮኗ አልተቃጠለችም፤ ያንን ሥራ አባቴ በደንብ ነው የሠራው። ልጆቹን የሚረከበው መኮንን ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበር። ቆጠረ። አንድ ጎደለው። ጣቱን ወደ ወንድሜ ቀሰረ።

«እሱ ረዳቴ ነው» አለ አባቴ። «ከሊቀመንበሩ ጋር ተነጋግረናል።»

«ረዳት ሰው አይደለም?»

«ሰው ነው።»

«ሰው ከሆነ ይቆጠራል።»

አባቴ «እኔን ውሰዱኝ» ብሎ ነበር። መኮንኑ ሽማግሌ እንዲወስድ እንዳልታዘዘ ነገረው። ሊቀመንበሩም እዚያው ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ኮታ ነው» አለ። ወንድሜ ያንን የዘይት ጨርቅ እንደያዘ ከልጆቹ ጋር ተሰለፈ።

አባቴ ከሰዓት በኋላ በእግሩ መጣ። መኪናዋን እዚያው ልጆቹን ባስረከቡበት ሜዳ ላይ፣ ቁልፏን እላይዋ ላይ ትቶ ነው የመጣው። እናቴ በር ላይ ተቀበለችው። ስትደነግጥ አማርኛዋ ይጠፋባታል።

«ኢልሚ ኮ ኤሳ ጅራ?» አለችው። ልጄ የት አለ?

አልፏት ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነገሩ ገባት። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅሁም። ከመንገድ ሲመለስ እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩና ሌላ ነገር ስላልመጣልኝ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዤ ከፊቱ ተንበረከክሁ። ያየኝ ያኔ ነው።

«ደስ አለሽ?» አለኝ።

እንደ ስድብ አልነበረም። ቀስ ብሎ፣ መልሱን ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ነበር የጠየቀኝ። ከዚያ እግሮቹን ከሳፋው ሰብስቦ ወንበሩ ሥር ደበቃቸው።

በዚያው ሳምንት ካቺሲ ሄድኩ። ወንድሜ ወደ ሰሜን መሄዱን ሰማን፤ ከዚያ ወዲያ የሰማነው የለም። በበቆሎው ውስጥ ያመለጠው ልጅ ኋላ ሚስት ማግባቱን ሰምቻለሁ። ልጠላው ሞክሬ አልሆነልኝም። በእሱ ቦታ ወንድሜ ቢሆን ዝለል እለው ነበር።

አባቴ ሊቀመንበሩን እንኳ ይቅር አለው። በሌላ ዓመት ለዕረፍት ስመጣ፣ የጎረቤት ለቅሶ ላይ ተቃቅፈው ሲሳሳሙ አየሁ። ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሊቀመንበሩ ከኋላቸው መቀመጤን ሲያይ ዞር አለና፣

«ጋሼ፣ ልጅዎ አድጋለች። ካቺሲ ነው አይደል የምታስተምረው? ምንድነው የምታስተምረው?» አለው።

አባቴ ወደ እኔ አልዞረም። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለና፣

«እንጃ» አለ።